የአንድ አሮጌ ግቢ ታሪክ ከመዝገብ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይጀመራል?

በረንዳ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ አሮጌ ግቢ ታሪክ ከሰነድ እየተፈለገ ነው። ዋናው ቤት ፎቅና ምድር ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ያለው። ከኋላ በኩል የቀበሌ ቤት የሆኑ አራት ክፍሎች አሉ። እስካሁን የተገኙት ወረቀቶች፦ የ1964 ዓ.ም ካርታ ፎቶ ኮፒ (ስፋቱን 1,240 ካሬ ሜትር ይላል)፣ የ1971 እና የ1974 የግብር ደረሰኝ፣ አሁን የሚሠራበት የይዞታ ማረጋገጫ (486 ካሬ ሜትር)።

ቦታው መጀመሪያ የማን ነበር? ቤቱ መቼ ተሠራ? ከ1,240 ወደ 486 የወረደው በምን ምክንያት ነው? የኋላ ክፍሎቹስ የተወሰዱት በየትኛው ወረቀት ነው? አድራሻው በየሰነዱ ይለያያል፦ የ1964ቱ ወረዳ ብቻ ይላል፣ ደረሰኞቹ ከፍተኛና ቀበሌ፣ የአሁኑ ክፍለ ከተማና ወረዳ። የት ቢሮ፣ ምን ተብሎ ነው የሚጠየቀው? ጉዳዩ ሽያጭም ክርክርም አይደለም፤ ታሪኩን ለመጻፍ ብቻ ነው። ባለይዞታዋ ውክልና ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው።

ማኅደር መለሰ፦

ባለይዞታዋ ፈቃደኛ ከሆኑ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የይዞታ ማኅደር ለመጣ ሰው ሁሉ አይከፈትም፤ ባለይዞታ፣ ወኪል፣ ወራሽ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ የያዘ ሰው ነው የሚስተናገደው። ስለዚህ መጀመሪያ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልናውን በትክክል ያስጽፉ። «ስለ ቤቴ ማንኛውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና መስኮት ላይ ይመለሳል። «የይዞታውን ማኅደር ለመመልከት፣ በውስጡ ያሉ ሰነዶችን የተረጋገጠ ቅጂ ለመጠየቅና ለመረከብ» የሚለው በግልጽ ይግባበት። የፍርድ ቤት መዝገብ ማየትም ሊያስፈልግ ስለሚችል ያንንም አብረው ያስጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከጥንቱ ለመጀመር ሲሞክር ነው፤ «ቦታውን ለአያታችን የሰጡት ራስ እገሌ ናቸው» ከሚል ወሬ ተነስቶ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይሰምጣል። መዝገብ የሚጠናው ከዛሬ ወደ ኋላ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ከእሱ በፊት የነበረውን ወረቀት ቁጥር ይዟልና ክሩን እየተከተሉ መውረድ ነው።

የአሁኑን ይዞታ ማረጋገጫ ይዩት። ይዞታው በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት ተረጋግጦ የተመዘገበ ከሆነ ልዩ መለያ ኮድ አለው፤ መረጃው ያለው የመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ የክፍለ ከተማው ቅርንጫፍ ነው። ገና ካልተመዘገበ ማኅደሩ ያለው የክፍለ ከተማው የመሬት ልማትና አስተዳደር ዘንድ ነው። ተመዝግቦም ቢሆን አሮጌው ማኅደር ሙሉ በሙሉ አልተዛወረ ይሆናልና ሁለቱም ጋ ይጠይቁ። ሲጠይቁ «ካርታ ማየት ፈልጌ ነው» አይበሉ። ካርታው አንድ ገጽ ነው፤ ታሪኩ ያለው ማኅደሩ ውስጥ ነው።

ማኅደሩ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ወረቀት ከላይ፣ አሮጌው ከታች ነው። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ያንብቡ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት አራት ነገር ይጻፉ፦ የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ከማን ወደ ማን፣ ግልባጭ የተደረገላቸው። ግልባጩን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከፊርማው የበለጠ የሚጠቅም እሱ ነው። ምሳሌ፦ ማኅደሩ ውስጥ «በቁጥር እገሌ በተጻፈው መሠረት ስሙ ተዛውሯል» የሚል ደብዳቤ አለ፤ የተጠቀሰው ደብዳቤ ግን የለም። የስም ዝውውሩን ደብዳቤ ታች ሲያዩ «ግልባጭ፦ ለገቢ ክፍል፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት» ይላል። ማኅደሩ ውስጥ የጎደለው ገጽ ከእነዚያ በአንዱ ዘንድ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩንና ቀኑን ይዘው ከሄዱ መዝገብ ቤት ሠራተኛው የወጪና የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አገላብጦ ያገኘዋል። ቁጥር ሳይዙ «የ60ዎቹ ደብዳቤ» ብለው ከሄዱ ግን ማንም አይፈልግልዎትም፤ ሊወቀሱም አይችሉም።

ወረቀቶቹ ላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ (ወራሽነት፣ ክፍፍል፣ እግድ) የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። የውርስ መዝገብ ከካርታ ይልቅ ሀብታም ነው፤ የልጆች ስም፣ የሟች የሞት ቀን፣ አንዳንዴ የንብረት ዝርዝር «አንድ ፎቅ ቤት፣ አራት ሰርቪስ ክፍል» ተብሎ ይገኝበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ የወራሽነት ማረጋገጫ አሁን የሚሰጠው የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ነው፤ የቆየ ከሆነ ግን መዝገቡ ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች በአንዱ ነው ያለው። ማኅተሙን አይተው ይወስኑ።

ሰንጋ ተራ መለሰ፦

ለአድራሻው ጉዳይ አንድ ገጽ ወረቀት ወስደው የአድራሻ ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ ያለዚያ በሦስተኛው ቢሮ ይምታታብዎታል። ችግሩ «ወረዳ» የሚለው ቃል ነው፤ በየዘመኑ ትርጉሙ ሌላ ነው።

በንጉሡ ዘመን ወረዳ የከተማው ትልቅ ክፍፍል ነበር። ቀበሌ የሚባል ነገር ከ1967 ዓ.ም በፊት የለም፤ የመጣው ከከተማ ቦታ አዋጁ ጋር ነው። ስለዚህ «1964» የሚል ቀን ያለበት ወረቀት ላይ የቀበሌ ቁጥር ካዩ ወይ በኋላ በእጅ የተጨመረ ነው ወይ ወረቀቱ ራሱ የኋላ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌዎቹ በከፍተኛ ተሰባሰቡ፤ ደረሰኞችዎ ከዚያ ናቸው። ከ1983 በኋላ ከፍተኛ የሚለው ቀርቶ ወረዳና ቀበሌ ተባለ። በ1995 ዓ.ም ደግሞ 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፣ ቀበሌዎች ተጣመሩ፤ ከዚያ ቀበሌ የሚለው ቀርቶ እንደገና ወረዳ ሆነ። ይሄ ወረዳ ከቀድሞው ወረዳ ጋር የስም እንጂ የወሰን ዝምድና የለውም። 2013 ላይ ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ ሲወጣ በዚያ በኩል ያሉ ይዞታዎች እንደገና አድራሻ ቀይረዋል፤ አራዳን ይሄ አይነካውም።

ሰንጠረዡ ላይ በየረድፉ ዓመት፣ ወረዳ/ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የሰነዱ ስም ያስገቡ። የቤት ቁጥሩም ይለወጣል። ግቢ ሲከፈል «412/ሀ»፣ «412/ለ» እየተባለ ይቀጠላል፤ የኋላ ክፍሎቹ እንደዚህ ያለ ፊደል ካላቸው ከዋናው ግቢ መውጣታቸውን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል ማለት ነው። «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ካገኙ አዲስ የተሠራ ቤት ነው ብለው እንዳይወስዱት፤ ቁጥር ገና አልተሰጠውም ማለት ነው፤ ሃምሳ ዓመት የቆመ ቤትም «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል።

አድራሻ ጠፍቶ ግራ ሲገባ የሚያድነው አዋሳኝ ነው። አሮጌ ካርታና የሽያጭ ውል ሁሉ «በምሥራቅ የአቶ እገሌ ቦታ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የወይዘሮ እገሊት ቦታ፣ በደቡብ ወንዝ» ብሎ ይዘረዝራል። ይህን ገልብጠው ያስቡት፦ የእርስዎ ግቢ ማኅደር ቢጠፋ እንኳ የጎረቤቶቹ ወረቀት ላይ የእርስዎ ግቢ ባለቤት ስም በአዋሳኝነት ተጽፏል፣ ያውም ከነዓመተ ምሕረቱ። አራት ጎረቤት ካለ አራት ምስክር አለ። ጎረቤቶቹ በቤታቸው ያስቀመጡትን አሮጌ ካርታ እንዲያሳዩ በትሕትና መጠየቅ ከቢሮ ሰልፍ ይቀላል።

ሰባ ስልሳ መለሰ፦

ስለ ስፋቱና ስለ ኋላ ክፍሎቹ።

መንገዱ የሚሰበረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ላይ ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣበት ቀን። ከዚያ በፊት ያለው ሰነድ መሬቱንም ቤቱንም የግል ሀብት አድርጎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቤቱን ብቻ፣ ቦታውን ደግሞ ይዞታ። ባለቤት አንድ መኖሪያ ቤት መርጦ ያስቀር ነበር፤ ሌላው ትርፍ ሆኖ ይወረሳል። አዋጁ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት የሚያገኘውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወስኖታል። 486 ለ500 ቅርብ መሆኑ ዓይን ይስባል፤ ሆኖም ከዚህ ተነስቶ «በአዋጁ ተቆርጦ ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። 754 ካሬ የጠፋው በአንድ ቀን ላይሆን ይችላል። ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ ያጣሩ፦ የቀበሌ ክፍሎቹ የቆሙበት መሬት ተለይቶ ወጥቷል? መንገድ ሲሰፋ ተወስዷል (ካሳ ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ ይኖራል)? በውርስ ተከፍሎ ሁለት ካርታ ወጥቶበታል? ከተከፈለ አሮጌው ካርታ «መክኗል» የሚል ማኅተም ወይም ደብዳቤ አለው፤ ያ ደብዳቤ አዲሶቹን የካርታ ቁጥሮች ይጠቅሳል። በመጨረሻም የልኬት ልዩነት፦ በሜትር የተለካ የ1964 ንድፍ ቅርጹ ጠማማ ከሆነ ጥቂት ካሬ ይሳሳታል። ጥቂት እንጂ 754 አይሳሳትም።

የተወረሱ ቤቶች ሁለት እጅ ላይ ነው የገቡት። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር (የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን)። አራቱ ክፍሎች የቀበሌ ስለሆኑ ወረቀታቸው ወረዳው ላይ የቤቶች አስተዳደር ዘንድ ነው የሚፈለገው። እዚያ የሚጠየቀው የተከራዮች ማኅደር፣ የቤት ቆጠራ ቅጽና ቤቱ የተወረሰበት ርክክብ ነው። የመጀመሪያው የኪራይ ውል ቀን ብዙ ይናገራል፤ 1968 ከሆነ በአዋጁ የተወረሰ ነው፤ 1975 ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ፣ ምናልባት ቀበሌው ራሱ የሠራው ቤት ነው፣ ወይም ባለቤቱ ሲሞት ወይም አገር ጥሎ ሲወጣ የተያዘ። ያለ አዋጅ የተወሰዱ ንብረቶችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 110/1987 ስለነበረም ቤተሰቡ በዚያ አመልክቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አቤቱታው የተቀረበው በጊዜው ለፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ነው፤ ከአቤቱታው ጋር የተያያዙ አሮጌ ማስረጃዎች አንዳንዴ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

አንድ ወጥመድ፦ የአዋጅ ቁጥር ያለ ዓመቱ አይጥቀሱ። መንግሥት ሲለወጥ ቁጥር እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ነው፤ 80/1986 ደግሞ የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ። 110/1987 ከላይ ያልኩት ነው፤ 110/1990 ግን የቴምብር ቀረጥ። «በአዋጅ 80 መሠረት» የሚል ደብዳቤ ሲያገኙ ቀኑን ካላዩ ፍጹም ሌላ ነገር ያነባሉ። የእንግሊዝኛ ቅጂ ሲያዩ ደግሞ 47/1967 «47/1975» ሆኖ ይመጣል፤ ያው አዋጅ ነው።

የግብር ደረሰኞቹን አይናቋቸው። በ80/1968 የሚከፈለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ለየብቻ ነው የሚሰላው፤ የቦታ ኪራዩ በካሬ ስለሆነ ደረሰኙ ወይም ግምቱ ላይ ስፋት ከተጻፈ 1971 ላይ ቦታው ስንት ካሬ እንደነበር ያውቃሉ። 1,240 ከሆነ ቅነሳው ከ1971 በኋላ ነው፤ 500 አካባቢ ከሆነ በፊት። ጥያቄው በዚህ ብቻ በግማሽ ይጠባል።

በረንዳ ጨመረ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ1971ዱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ «ቦታ 860» ተጽፏል፤ ስለዚህ ቅነሳው ሁለት ጊዜ የሆነ ይመስላል። ሌላ ጥያቄ፦ አሁን ባለው ይዞታ ማረጋገጫ ላይ ያሉትን ኮኦርዲኔቶች ስልክ ላይ ሳስገባ ግቢው ላይ ሳይሆን ሁለት መንገድ አልፎ ሌላ ሰፈር ላይ ያርፋል። ካርታው ተሳስቶ ነው?

ቀያሽ መለሰ፦

ካርታው ልክ ነው፤ የተሳሳተው ዳተሙ (የኮኦርዲኔቱ ልኬት የሚነሳበት መሠረት) ነው። አዲስ አበባ ላይ የይዞታ ኮኦርዲኔት ሲሰጥ የኖረው በአዲንዳን ዳተም፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። ስልክዎ የሚያውቀው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ በምሥራቅ ወደ 90 ሜትር፣ በሰሜን ወደ 200 ሜትር ይለያያሉ። የአዲንዳኑን ቁጥር ሳይቀይሩ ካስገቡ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። የእርስዎ ሽሽት በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ።

አስተካክሎ ማየቱ ቀላል ነው። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ነጥቦቹን ሲያስገቡ መነሻውን ኢፒኤስጂ 20137 (አዲንዳን ዩቲኤም 37) ይበሉ፣ ከዚያ ወደ 32637 (ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37) ይቀይሩ። ቁጥሮቹ ተገልብጠው እንዳይገቡ፦ አዲስ አበባ መሀል ላይ የምሥራቁ ቁጥር 470,000 አካባቢ ነው፣ የሰሜኑ ለ1,000,000 ቅርብ ነው። ነጥቦቹን በተሰጡበት ቅደም ተከተል አገናኝተው ስፋቱን ያስሉ፤ 486 ካልመጣ አንድ ቁጥር በትየባ ተሳስቷል። 3 እና 8፣ 1 እና 7 ናቸው ብዙ ጊዜ የሚምታቱት።

ለታሪኩ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከተማው በየጊዜው ከአየር ተነስቷል፤ ቢሮዎቹ ዘንድ ይዞታ ለማጣራት የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶ ይጠቀሳሉ። ከዚያ በፊት ያሉ ፎቶዎችና ካርታዎች ያሉት ድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ይባል በነበረው፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በሆነው መሥሪያ ቤት ነው። የግቢውን ቅርጽ ፎቶው ላይ ደርበው ካዩ ጣሪያ ይቆጥራሉ፦ አራቱ ክፍሎች አሉ? አጥሩ የት ጋ ነው? ያ 860 ካሬ ከየትኛው አጥር ጋር ይገጥማል? አሮጌ ፎቶ ጠርዙ ላይ የተዛባ ስለሆነ በሁለት ማዕዘን ብቻ አያስተካክሉ፤ ያልተለወጡ ቢያንስ አራት ነጥቦች ይምረጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ማዕዘን፣ የድልድይ ጫፍ፣ የድንጋይ ሕንፃ። የመንገድ መጋጠሚያ አይመረጥም፣ መንገድ ይሰፋል።

ማኅደር እንደገና፦

ቤቱ መቼ ተሠራ የሚለው ሳይመለስ ቀረ። ከካርታ ቀን ተነስቶ አይወሰንም፤ የካርታ ቀን ወረቀቱ የወጣበት እንጂ ቤቱ የቆመበት አይደለም። የ1964ቱ ካርታ የስም ዝውውር ሲደረግ የታደሰ ሊሆን ይችላል። ማኅደሩ ውስጥ የግንባታ ፈቃድና ፕላን ካለ ጥሩ፤ የጭቃ ፎቅ ቤት ግን አብዛኛው ከፈቃድ ሥርዓቱ በፊት ስለሆነ ብዙም ተስፋ አያድርጉ። ከዚያ ይልቅ «ከዚህ ቀን በፊት ነበረ» የሚሉ ወረቀቶችን ሰብስበው ወደ ኋላ ይግፉት፦ የሽያጭ ውል «ቦታውን በላዩ ላይ ካለው ቤት ጋር»፣ የመያዣ ውል፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ የገባበት ቀንና የገባበት ስም። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ የቅርስ መዝገቡ ላይ መግለጫ አለ፤ መነሻ ይሁንዎት እንጂ ማስረጃ አያድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ከአፍ የተሰበሰበ ነው።

ከ1928 በፊትና በጣሊያን ጊዜ ወዳለው ከደረሱ እነዚህን ይያዙ፦

በአዲስ አበባ መሬትን በሰነድ በግል መያዝ መልክ የያዘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም ገደማ በወጣው የመሬት ደንብ ነው። ከዚያ በፊት ሰፈር ሙሉ ለአንድ መኮንን ይሰጥና ጭፍራው ከሥሩ ይሰፍር ነበር። የሰፈሩ ስም የዚያ መኮንን ስም የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ቦታው መጀመሪያ የማን ነበር» ለሚለው ሁለት መልስ ይኖራል፤ ሰፈሩ የተሰጠው ሰውና ያቺን ቁራሽ የያዘው ሰው።

በስም ሲፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አይቁሙ። ኃይለ፣ ሐይለ፣ ሀይለ፤ ሥላሴ፣ ስላሴ፤ ፀሐይ፣ ጸሃይ፤ ገብረ እና «ገ/»። ማዕረግም ያሳስታል፤ በ1934 ባላምባራስ የነበረው በ1945 ቀኛዝማች ሆኖ ይመጣል፣ ሁለት ሰው መስሎዎት እንዳይለያዩት። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ከሆነ ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ ይመሳሰላሉና ከሌላ ቀን ጋር ያመሳክሩ።

የጣሊያን ዘመን ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከጎኑ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዓመት ይኖረዋል፣ እሱ የሚቆጠረው ከጥቅምት 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ ነው። ወደእኛ ሲቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው የበልግና የክረምቱን ወረቀት ልክ ይለዋል፣ የጥቅምትና የኅዳሩን ግን በአንድ ዓመት ያዛባል።

ሰባ ስልሳ መለሰ፦

በውልና ማስረጃ ላይ ትንሽ ልቃወም። ብዙ ሰው የሽያጭ ውል ሁሉ እዚያ ያለ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ይመዝገብ ቢልም በመንደር ውል የተሸጠ ቤት ስንት ነው። ሕጉ ያሰበው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ራሱ በአንቀጽ 3363 በእንጥልጥል እንዲቆይ ተደርጎ ስለነበር መዝገብ ሆኖ ሲያገለግል የኖረው የማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ነው። ውሉን መጀመሪያ እዚያው ማኅደር ውስጥ ይፈልጉት፤ ቁጥሩን ካገኙ በኋላ ነው ውልና ማስረጃ የሚኬደው። በመሀል ባንክ ካለ ደግሞ ውል አይኖርም፤ ከአዋጅ ቁጥር 97/1990 ወዲህ ባንክ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሸጦ ስም እንዲዛወር ደብዳቤ ይጽፋል። ሐራጅ ከነበረ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ከ1933 ጀምሮ የሚወጣው አዲስ ዘመን ለሐራጅ፣ ለወራሽነት ጥሪና ለጠፋ ካርታ ማስታወቂያ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ቀኑን በወር ካጠበቡ ቤተ መዛግብት ቁጭ ብሎ ጥራዙን ማገላበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሰንጋ ተራ መለሰ፦

ፎቶ ኮፒውን ሳያጣሩ ታሪክ አይጻፍበት። መፈተኛዎቹ ቀላል ናቸው። ማኅተሙ ላይ የአገሪቱ ስም ከቀኑ ጋር ይስማማል? «ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ» የደርግ ነው፤ «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ከ1980 ወዲህ ነው፤ «የሽግግር መንግሥት» ከ1983 እስከ 1987። ክፍለ ከተማ የሚል ቃል ከ1995 በፊት ባለ የአዲስ አበባ ወረቀት ላይ አይገኝም። የደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን ስልክም ይዩ፤ የአዲስ አበባ ስልክ እስከ 1997 ድረስ 6 አሃዝ ነበር፣ በ011 የሚጀምረው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የ1985 ደብዳቤ ላይ 011 ካለ ወረቀቱ የ1985 አይደለም።

ቢሮ እምቢ ቢልዎት ደግሞ በቃል አይመለሱ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ጥያቄው በጽሑፍ ሲቀርብ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ሲከለከልም ምክንያቱ እንዲነገር ያስገድዳል፤ አቤቱታው ለእንባ ጠባቂ ነው። የሌላ ሰው የግል መረጃ ግን በዚህ አይገኝም፤ ስለ ቀበሌ ክፍሎቹ ተከራዮች ስም ሳይሆን ስለ ቤቶቹ የርክክብ ቀንና ስፋት ይጠይቁ፣ ይሄ አይከለከልም።

በረንዳ ጨመረ፦

ሽሽቱ ልክ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ በ20137 ሲገባ ግቢው ላይ ቁጭ አለ፣ ስፋቱም 486 መጣ። የ1964ቱ ካርታ በምሥራቅ በኩል አዋሳኝ የሚለው መንገድ ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ በኩል አጥር ለአጥር የገጠመ ሌላ ግቢ አለ።

ሰንጋ ተራ መለሰ፦

እንግዲያውስ ቀጣዩ ማኅደር የእርስዎ ሳይሆን የምሥራቁ ጎረቤት ነው። መንገድ ቦታ ሆኖ ለሰው የተመራበት ወረቀት ይኖራል፤ ምሪቱ ከ1971 በፊት ከሆነና ስፋቱ 380 አካባቢ ከሆነ የመጀመሪያው ቅነሳ የት እንደገባ ታውቋል ማለት ነው።

ቀያሽ መለሰ፦

መንገዱ መጀመሪያ የነበረበትን መስመር በአየር ፎቶ ይፈልጉት እንጂ ከዛሬው አጥር አይለኩ።